ለሰው አገር ሰማይ የሚወጣ ገንዘብ

አንድ ፀረ ታንክ ማስወንጨፊያ በአውሮፓ ሕብረት አባል አገር ከሚገኝ ፋብሪካ ይወጣል። ገዥው አሜሪካ ነው። ከዚያ በሶርያው ጦርነት ለሚዋጋ ወገን ይተላለፋል፤ ከፋብሪካው ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ደግሞ ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ በሚጠራው ቡድን እጅ ኢራቅ ውስጥ ይገኛል። ይህን ሰንሰለት በመለያ ቁጥር እየተከተለ ያጋለጠው ኮንፍሊክት አርማመንት ሪሰርች የሚባል፣ መቀመጫው ብሪታንያ የሆነ የመርማሪዎች ድርጅት ነው። ውጤቱን ያሳተመው በ2017 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምርመራውን ወጪ ከሸፈኑት ዋነኛው የአውሮፓ ሕብረት ነው።

አንዱ መንግሥት መሣሪያ ገዝቶ ለወዳጁ ያስተላልፋል፤ ሌላው ደግሞ መሣሪያው የት እንደ ገባ ለማጣራት ገንዘብ ይመድባል። ይህ ዳሰሳ የሚያየው ሁለተኛውን ገንዘብ ነው። ሀብታም መንግሥታት፣ በተለይም አሜሪካና የአውሮፓ ሕብረት፣ በሌላ አገር ድንበር፣ ወደብ፣ መጋዘንና ሰማይ ላይ መሣሪያና ድሮን እንዳይስፋፋ ለድርጅቶች፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ድጋፍ ይሰጣሉ። ገንዘቡ ከየት መጣ? ምን ይገዛል? ምን ማድረግስ ያቅተዋል? በአፍሪካ ቀንድ ላለን ሰዎች ጥያቄው ሩቅ አይደለም፤ ቀይ ባሕርም፣ ሶማሊያም፣ ሱዳንም፣ የራሳችን ሰማይም ከጉዳዩ መሐል ናቸው።

የነገሩ ሥር ያለው በሶቪየት ሕብረት መፍረስ ላይ ነው። በ1991 መጨረሻ ዓለም የፈራው የሞስኮን ጥንካሬ ሳይሆን ድክመቷን ነበር። ደመወዝ ያልተከፈለው ሳይንቲስት፣ ቁልፉ የዛገ መጋዘን፣ ጌታው ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ጦር ቀረ። ሳም ነን እና ሪቻርድ ሉጋር የተባሉ ሁለት ሴናተሮች፣ አንዱ ዴሞክራት ሌላው ሪፐብሊካን፣ ከአሜሪካ የመከላከያ በጀት እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር ተወስዶ የትናንቱን ጠላት መሣሪያ ለማፍረስ እንዲውል የሚፈቅድ ሕግ አስወጡ። በጊዜው «ለሩሲያ ገንዘብ መስጠት ምን ይሉታል?» ያለ ብዙ ነበር። የሆነው ግን ይህ ነው፦ እስከ 1996 መጨረሻ ዩክሬን፣ ካዛኪስታንና ቤላሩስ ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ሆኑ። በዓመታት ውስጥ ከ7,600 በላይ የኑክሌር አረሮች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በ1994 ደግሞ ሳፋየር በተባለው ምስጢራዊ ዘመቻ በካዛኪስታን ኡስት ካሜኖጎርስክ ከተማ የነበረ 600 ኪሎ ግራም ገደማ በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ ዩራኒየም በግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖች ተጭኖ ቴነሲ ወደሚገኘው ኦክ ሪጅ ተወሰደ። ሥራ የፈቱት ሳይንቲስቶችም እውቀታቸውን ለሌላ ገዥ እንዳይሸጡ በሰላማዊ ምርምር ደመወዝ የሚያገኙበት ማዕከል ሞስኮ ላይ ተከፈተ።

እንደኔ እይታ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው እርዳታ ሁሉ የዚህን ስኬት ስም ወርሷል፤ ስኬቱ የቆመበትን ሁኔታ ግን አልወረሰም። ያ ገንዘብ የሠራው የመሣሪያው ባለቤቶች ራሳቸው ሊያስወግዱት ስለ ፈለጉ ነው። ካዛኪስታን ዩራኒየሙ መኖሩን ለአሜሪካ የነገረችው ራሷ ናት። ፈቃዱ ሲያልቅ ገንዘቡም ያልቃል፤ ሩሲያ በ2012 ስምምነቱን እንደማታድስ አስታወቀች፣ በቀጣዩ ዓመትም በነበረበት መልኩ አበቃ።

ከኑክሌር ወደ ትንንሹ መሣሪያ የተደረገው ሽግግር ደግሞ በእኛው አካባቢ የተፈጸመ ነገር አለበት። ኅዳር 2002 ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ቴል አቪቭ ሊበር ሽቅብ በወጣ የእስራኤል አውሮፕላን ላይ በትከሻ የሚተኮሱ ሁለት ሚሳኤሎች ተወነጨፉ። ከ250 በላይ መንገደኞች ነበሩበት። ሁለቱም ሳቱ። በ2007 ሞቃዲሾ ላይ ግን ሌላው አልሳተም፤ አንድ ኢሊዩሺን የጭነት አውሮፕላን ተመትቶ 11 ሰዎች አለቁ። አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ በ40 እና ከዚያ በላይ አገሮች ከ40,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሚሳኤሎች እንዲወድሙ ከፍላለች። ሥራው አሰልቺ ነው፦ መጋዘን መቁጠር፣ ሽያጩ የማያዋጣ አሮጌ ሚሳኤል መቁረጥ፣ በር መቀየር። የሚያዋጣው ነገር ግን ይኸው አሰልቺው ነው።

ሊቢያ በ2011 ስትፈርስ ጋዳፊ ወደ 20,000 የሚሆኑ የትከሻ ሚሳኤሎች እንደ ሰበሰቡ ይገመት ነበር። ዋሽንግተን 40 ሚሊዮን ዶላር መደበች፤ ባለሙያዎች ከሊቢያውያን ጋር እየተዘዋወሩ የተገኘውን ቆጠሩ፣ አወደሙ። የተገኘው ግን ከግምቱ ሩብ ገደማ ነበር። ቀሪው በቦምብ ድብደባ ወድሟል፣ በሚሊሻዎች እጅ ቀርቷል፣ ወይም በረሃውን አቋርጦ ሄዷል። በጦርነት መሐል የሚመጣ ገንዘብ ከጦርነቱ በፊት ከሚመጣው ሁልጊዜ ይበልጣል፣ ሁልጊዜም ያነሰ ይሠራል። ሊቢያ ለዚህ ምስክር ናት።

ድሮን ሲመጣ ደግሞ የቁጥጥሩ መሠረት ራሱ ተናጋ። የሚሳኤል ቴክኖሎጂን ለመቆጣጠር በ1987 የተቋቋመው የአገሮች ስምምነት ዋና መስፈርት 500 ኪሎ ግራም ተሸክሞ 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር ነው። የተጻፈው የኑክሌር አረር ለሚሸከም ሚሳኤል ነው። ኢራን ሠራሹ ሻሂድ 136 ከ300 ኪሎ ሜትር እጅግ ርቆ ይበራል፤ የሚሸከመው ግን 50 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ጥብቁ ምድብ ውስጥ አይገባም። የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 የሚሸከመው 150 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ እሱም አይገባም። ስምምነቱ 35 አባላት አሉት፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ኢራን አባል አይደለችም፣ ቻይናም አይደለችም። አሜሪካ ራሷ በ2020 የራሷን ትላልቅ ድሮኖች ለመሸጥ እንዲመቻት የስምምነቱን ትርጓሜ አላልታለች። ወንፊቱ ከዘመኑ ጋር አብሮ አልጠበበም።

ከዚያም ታች የሱቁ ድሮን አለ። በ2016 እና 2017 በሞሱል ጦርነት «እስላማዊ መንግሥት» ለፎቶ የሚሸጡ ባለ አራት ክንፍ ድሮኖችን እየገዛ የእጅ ቦምብ የሚያክል ፈንጂ አሰረባቸው። ኩርዶች አንድ የወደቀ ድሮን አንሥተው ሲመረምሩ ፈንድቶ ሁለት ተዋጊዎች ገድሏል። ይህን በወጪ ንግድ ፈቃድ መከልከል የሚቻል አይደለም፤ ዕቃው ሠርግ ለመቅረጽ የሚሸጥ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ የድሮን ጥቃት ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቋል። መስከረም 14 ቀን 2019 አብቃይቅና ኹራይስ በተባሉት የሳዑዲ ነዳጅ ተቋማት ላይ በድሮንና በክሩዝ ሚሳኤል የደረሰው ጥቃት በቀን 5.7 ሚሊዮን በርሜል የሚሆን ምርት አቋረጠ፤ የመንግሥቱን ምርት ግማሽ ያህል ማለት ነው። ጥር 17 ቀን 2022 በአቡ ዳቢ ሁቲዎች በሚባሉት የየመን ታጣቂዎች ጥቃት የሞቱት ሦስቱ ሰዎች ሁለት ሕንዳውያንና አንድ ፓኪስታናዊ ነበሩ። ለእንጀራ የሄዱ ሰዎች ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱና በየግንባታው የሚሠሩት ወገኖቻችንም ከዚያው ሰማይ በታች ናቸው።

ታዲያ የዛሬው ገንዘብ ምን ይገዛል? ብዙ ሰው «ፀረ ድሮን» ሲባል የሚታየው ራዳርና ተኳሽ ነው። ያ በአብዛኛው የመከላከያ ሚኒስቴሮች ሥራ ነው፤ ሒሳቡም አሳዛኝ ነው። አንድ ሻሂድ ከ20,000 እስከ 50,000 ዶላር ይገመታል፤ ፓትሪዮት ከሚባለው ሥርዓት የሚተኮስ አንድ ዘመናዊ ሚሳኤል ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። የሬዲዮ ሞገድ ማፈን ርካሽ ነበር፤ ግን በዩክሬን ጦርነት ሩሲያ በቀጭን የፋይበር ሽቦ የሚመሩ ድሮኖችን ከ2024 ጀምሮ ማሰማራት ስትጀምር ማፈኛው እነሱን የሚይዝበት መንገድ አጣ። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች በኩል የሚመጣው የድጋፍ ገንዘብ የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው። ድሮኑ ከመነሣቱ በፊት ወዳለው፣ ማለትም ወደ ዕቃው፣ ወደ ወረቀቱና ወደ ወደቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጉዳዩ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ዩክሬን ላይ ከ2022 መስከረም ጀምሮ የወደቁት ሻሂዶች ሲፈቱ ውስጣቸው የተገኘው ኤሌክትሮኒክስ ብዙው ምዕራባውያን ኩባንያዎች ያመረቱት ነው። ማይክሮ ችፕ፣ የአቅጣጫ መቀበያ፣ የነዳጅ ፓምፕ። ኩባንያዎቹ ለኢራን አልሸጡም፤ ለአከፋፋይ ሸጡ፣ አከፋፋዩ ለሌላ ነጋዴ፣ ነጋዴው በሦስተኛ አገር ላለ ስሙ ለማይታወቅ ድርጅት። አሜሪካ፣ የአውሮፓ ሕብረት፣ ጃፓንና ብሪታንያ በጋራ ያወጡት ቅድሚያ የሚሰጣቸው ዕቃዎች ዝርዝር 50 የጉምሩክ መለያ ቁጥሮች አሉት። ይህ ዝርዝር ዋጋ የሚኖረው ግን ወደብ ላይ የቆመው የጉምሩክ ሠራተኛ ሲያውቀው ነው። በዲክላራሲዮን ላይ «የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ» የሚል ጽሑፍ አይቶ ኮንቴይነሩን ለማስከፈት ምክንያት የሚሆነው ነገር ምንድን ነው? ተቀባዩ ትናንት የተቋቋመ ድርጅት መሆኑ? የዕቃው ዋጋ ከክብደቱ ጋር አለመመጣጠኑ? ዕቃው ለመጨረሻ ተጠቃሚ ሳይሆን ለጭነት አስተላላፊ መላኩ? የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከ60 በላይ አገሮች ጋር የሚሠራበት የወጪ ንግድና የድንበር ደኅንነት ቁጥጥር ፕሮግራም የሚያሠለጥነው በአብዛኛው ይህንን ነው። የአውሮፓ ሕብረትም ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። የሕግ ረቂቅ ማዘጋጀት፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ማቋቋም፣ ዐቃቤ ሕግ ማሠልጠን፣ ፈታሹ አንድን የካርቦን ፋይበር ጥቅል ከተራ ጨርቅ እንዲለይ ማድረግ።

ሁለተኛው ዘርፍ ክትትል ነው። መርማሪዎች ከጦር ሜዳ ቁርጥራጭ ያነሣሉ፣ ቁጥሩን ይመዘግባሉ፣ ለአምራቹ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ አምራቹ ለማን እንደ ሸጠ ይመልሳል፣ ወይም ዝም ይላል። ኮንፍሊክት አርማመንት ሪሰርች በ2016 ይፋ ባደረገው አንድ ጥናት በ«እስላማዊ መንግሥት» ፈንጂዎች ውስጥ የ20 አገሮች 51 ኩባንያዎች ዕቃ ተገኝቷል። በ2025 መጋቢት ደግሞ ያው ድርጅት ወደ ሁቲዎች ሲሄድ በተያዘ ጭነት ውስጥ ለድሮን የሚሆን የሃይድሮጅን ነዳጅ ሕዋስ ክፍሎች ማግኘቱን ገለጸ፤ የሃይድሮጅኑ ጋኖች ላይ «ኦክስጅን» የሚል ጽሑፍ ነበር። እንዲህ ያለ ድሮን ድምፁም ሙቀቱም አነስተኛ ነው፣ ርቆም ይሄዳል። ይህን ቀድሞ ማወቅ የሚያስገኘው ጥቅም በገንዘብ ሲተመን ከወጪው በብዙ እጥፍ ይበልጣል ብዬ እከራከራለሁ።

ገንዘቡ የሚሰጥበትን መንገድ አዲስ አበባ በእርዳታ ድርጅት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሚኒስቴሩ የፕሮፖዛል ጥሪ ያወጣል፤ ዓላማው፣ የሚያተኩርባቸው አገሮች፣ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ይገለጻል። ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አንዳንዴም ኩባንያዎችና የውጭ ድርጅቶች ይወዳደራሉ። አመልካቹ በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ፣ ኦዲት ማቅረብ፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት መላክ አለበት። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ግን ውጤቱ ይታወቃል፦ ፕሮፖዛል መጻፍ የሚችለው ዋሽንግተን ያለው ድርጅት ያሸንፋል፤ ድንበሩን የሚያውቀው የአገሬው ድርጅት ንዑስ ተቋራጭ ይሆናል፣ ያውም ከተገኘ። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ» የሚል ነው። የሠለጠነው ሰው ከሆቴሉ ወጥቶ አበሉን ተቀብሎ ወደ ወደቡ ሲመለስ ምን እንደ ያዘ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወርክሾፕ የለመደ አገር ሁሉ ይህን በሽታ ያውቃል። የጉምሩክ ሠራተኛው በስድስት ወሩ ሌላ ክፍል ከተዛወረ ሥልጠናው አብሮት ሄደ ማለት ነው።

የዕቃ እርዳታም ከዚህ አልዳነም። በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት የኑክሌር ኮንትሮባንድን ለመከላከል ለውጭ አገሮች የተሰጠውን ድጋፍ ሲመረምር ሊቱዌኒያ ውስጥ አንድ የጨረር መመርመሪያ በር በአሜሪካ ኤምባሲ ምድር ቤት ሁለት ዓመት ገደማ ተቀምጦ አገኘ። ምክንያቱ ስለ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር አለመስማማት ነበር! ከዚያ ወዲህ ቅንጅቱ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ዕቃ መስጠት ቀላል ነው፣ ለአሥር ዓመት መጠገን ከባድ ነው። በዚህ ረገድ በ1994 የተቋቋመው የአሜሪካ የመሣሪያ ሥርጭት መከላከያና ትጥቅ ማስፈቻ ፈንድ የተሻለ ልምድ አለው። አጋጣሚ ሲፈጠር በየትኛውም አገር ቶሎ እንዲከፍል ሕጉ ሰፊ ነፃነት ሰጥቶታል፣ ፕሮጀክቱም አንድ የሚቆረጥ ወይም የሚወገድ ነገር ይዞ ይጀምራል፣ ያ ሲያልቅ ያልቃል።

ወደ ቀንዱ እንምጣ። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፍባት ጅቡቲ ከ2016 ጀምሮ ወደ የመን ቀይ ባሕር ወደቦች የሚሄዱ የንግድ መርከቦችን ሰነድ የሚመረምርና መርከቦቹን የሚፈትሽ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አላት። የሚኖረው በለጋሾች መዋጮ ነው፤ መዋጮው ሲዘገይ ሥራው ይንቀጠቀጣል። ዋናው መሣሪያ ግን በእነዚህ መርከቦች ብቻ አይመጣም። የሚመጣው ዳው በሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች፣ ከኢራን ጠረፍ ተነሥቶ በሶማሊያ ባሕር አቅራቢያ ከጀልባ ወደ ጀልባ እየተሸጋገረ ነው። በጥር 2024 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ከሶማሊያ ጠረፍ ርቆ አንድ ዳው ላይ ሲወጡ ሁለቱ ሰጥመው ሞቱ፤ ጀልባው ውስጥ የሚሳኤል ክፍሎች ተገኙ። በ2025 ሐምሌ ደግሞ ለየመን መንግሥት የወገኑ ኃይሎች 750 ቶን የሚሆን መሣሪያ መያዛቸውን አሜሪካ አስታወቀች። ያንን ሁሉ ለማስቆም የየመን፣ የጅቡቲና የሶማሊያ ጠረፍ ጠባቂዎች ነዳጅ፣ ጀልባና መረጃ ያስፈልጋቸዋል። እዚህ የሚወጣ ድጋፍ ለኢትዮጵያም ነው፤ ቀይ ባሕር ሲታወክ የማዳበሪያውና የነዳጁ ማጓጓዣ ዋጋ ሲወጣ አይተናልና።

ሶማሊያ የምትታየው በተለየ ዓይን ነው። ከ1992 ጀምሮ የነበረው የመሣሪያ ማዕቀብ በ2013 ላላ፣ በታኅሣሥ 2023 ለመንግሥቱ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ለመነሣቱ ከተዘጋጁት ነገሮች አንዱ መሣሪያን የማመልከት፣ የመመዝገብና በደህና መጋዘን የማስቀመጥ ሥራ ነበር፤ ለጋሾች ለዓመታት የከፈሉበት። ክላሽንኮቭ ላይ ቁጥርና የመንግሥት ምልክት መቅረጽ ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከወታደር ቤት የወጣ ጠመንጃ ገበያ ላይ ሲገኝ ማን እንዳወጣው የሚታወቀው በዚያ ብቻ ነው። ናይሮቢ ያለው የአካባቢው የቀላል መሣሪያ ማዕከል በ2004 የናይሮቢ ፕሮቶኮል መሠረት ለአባል አገሮች ይህንኑ ያስተባብራል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት፣ በ2020 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177ም ከዚያ መንፈስ ይቀዳል። አዋጁ በተግባር ምን ያህል ሄዷል የሚለው ሌላ ዳሰሳ ይፈልጋል።

አሁን የማይመቸኝን ክፍል ልጻፍ። ጥሪዎቹን የሚያነብ ሰው የአገሮች ስም ሲደጋገም ያያል፦ ኢራን፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ እነሱ የሚደግፏቸው ቡድኖችም። የወዳጅ ድሮን እዚያ የለም። ጥቅምት 29 ቀን 2021 የአሜሪካ ግምጃ ቤት በኢራን አብዮታዊ ዘብ የድሮን መረብ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ድሮኖቹ ከደረሱባቸው መካከል ኢትዮጵያን ጠቀሰ። ጥር 7 ቀን 2022፣ በገና ዕለት፣ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በደረሰ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጋዜጠኞችና መርማሪዎች የቦምቡን ስብርባሪ አይተው ቱርክ ሠራሽ ነው አሉ። ቱርክ የኔቶ አባል ናት። ሱዳን ውስጥ ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች፣ ጦሩና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ፣ ድሮን ይጠቀማሉ፤ በግንቦት 2025 ፖርት ሱዳን ለቀናት ተቃጠለች። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ለፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች መሣሪያ ደርሷል የሚለውን ክስ ተአማኒ ብለውታል፤ ኤሚሬቶች ትክዳለች። ለኢራን ድሮን ክትትል የሚመደበውን ያህል ገንዘብ ለእነዚህ መስመሮች ሲመደብ አይታይም። ይህ ፖለቲካ ነው ማለት ቀላል ነው፤ ግን በመጠለያ ውስጥ ላለ ተፈናቃይ ቦምቡ የማን ወዳጅ እንዳመረተው ልዩነት የለውም።

የሒሳቡ መጠን ራሱም ይናገራል። የአሜሪካ ኮንግረስ ለመሣሪያ ሥርጭት መከላከል፣ ለፀረ ሽብርና ለፈንጂ ማምከን በአንድ ርዕስ ሥር የሚመድበው ገንዘብ በቅርብ ዓመታት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በታች ነበር። ለውጭ አገሮች አሜሪካ ሠራሽ መሣሪያ መግዣ የሚሰጠው እርዳታ ግን ወደ ስድስት ቢሊዮን ይጠጋል፤ አብዛኛው ለእስራኤልና ለግብፅ። መሣሪያ የሚያስተላልፈው እጅ መሣሪያ ከሚከታተለው እጅ ስድስት እጥፍ ያህል ይረዝማል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ፀረ ድሮን እውቀት በማን እጅ ይገባል? ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባት የመረጃ መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከውጭ የሚመጡ ወገኖች ለሠርግ ቀረጻ የያዙት ድሮን ቦሌ ላይ ሲያዝባቸው ማጉረምረማቸው የተለመደ ነው። ለደኅንነት ሲባል የሚወሰድ ጥንቃቄ ነው፣ ተገቢም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሲቪሉን ድሮን ከሰማይ የሚያጠፋ ሕግ የመንግሥትን ድሮን አይመለከትም። መጋቢት 2025 ኢትዮጵያ የራሷን የድሮን ፋብሪካ መርቃለች። ስለዚህ «የድሮንን አደጋ መከላከል» ተብሎ ለአንድ መንግሥት የሚሰጥ ሥልጠናና መሣሪያ ጋዜጠኛው ከላይ እንዳይቀርጽ ማገጃም ሊሆን ይችላል። የሰብዓዊ መብት ማጣራት በአሜሪካ ሕግ አለ፤ የሚፈትሸው ግን በዋናነት የጸጥታ ክፍሎችን ነው፣ ሞገድ ማፈኛው ነገ ለምን እንደሚውል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የገንዘቡ ቀጣይነት አስተማማኝ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ ትእዛዝ ሲወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ በዓለም ዙሪያ ደረሰ፤ ፈንጂ የሚያመክኑ ቡድኖች ሳይቀሩ መሣሪያቸውን አስቀመጡ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደገና ሲዋቀር የመሣሪያ ሥርጭት መከላከያ ቢሮው ከጦር መሣሪያ ቁጥጥር ቢሮው ጋር ተዋሐደ። የአንድን ወደብ ፈታሾች ለማብቃት አምስት ዓመት ይወስዳል፤ ድጋፉ ግን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውል የሚሄድ ነው።

ፍርዴን እንዲህ እሰጣለሁ። ለመጋዘን ቁልፍ፣ ለመለያ ቁጥር፣ ለጉምሩክ ፈታሽና ለስብርባሪ መርማሪ የሚወጣው ገንዘብ ለመሣሪያ ግዥ ከሚወጣው ሁሉ ይልቅ የሚያዋጣ ነው፤ ሊጨመር ይገባዋል። ለሆቴል አዳራሽና ለተደጋጋሚ ሴሚናር የሚወጣው ሊቀነስ ይገባዋል። የወዳጅ ድሮንን የማይከታተል ክትትል ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው፤ ግማሹን የሚያሟላው ከመንግሥት ገንዘብ የማይጠብቅ ጋዜጠኛና ተመራማሪ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጠይቅ። በ2006 በወጣ ሕግ መሠረት የአሜሪካ መንግሥት የሰጠው የድጋፍ ገንዘብ ለማን፣ ለየትኛው አገርና ስንት እንደ ሆነ በይፋዊ ድረ ገጽ ይለጠፋል፤ ማንም ያለ ፈቃድ ሊያየው ይችላል። በግብር የምትከፍሉት ገንዘብ ነውና ገብታችሁ የአፍሪካ ቀንድን ፈልጉ። ቀጥሎ ለወረዳችሁ የኮንግረስ ተወካይ ደውሉና የወዳጅ አገሮች ድሮን በዚያው መጠን ለምን ክትትል እንደማይደረግበት ጠይቁ።